የመሪጌታ ሳይክል ደግሞ ተጫረች

ጎንደር ውስጥ ጭረት አይቶ ማለፍ የማይሆንለት ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ቤቱ ብትገቡ የቴሌቪዥኑ ላስቲክ ከተገዛ ጀምሮ አልተላቀቀም፤ ሪሞቱ በፌስታል ተጠቅልሏል፤ ሶፋው ላይ አንሶላ፣ አንሶላው ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ ደግሞ የባለቤቱ ዓይን ተነጥፏል። ይህ ሰው ዕቃ የሚገዛው ሊገለገልበት አይደለም፤ ሊጠብቀው ነው። ጎረቤት ሁሉ ያማዋል። ሠርግ ሲደርስ ግን ብርጭቆና ብርድ ልብስ የሚለመነው እሱ ነው፤ የሌላው ሰው ዕቃ አርጅቶ የእሱ ሁልጊዜ አዲስ ነዋ።

ከማራኪ ብዙ በማይርቀው ሰፈር የዚህ ማዕረግ ባለቤት መሪጌታ ፍቅረ ማርያም ናቸው። በደብራቸው ማኅሌት የሚመሩ፣ ድምፃቸው የተመሰገነ፣ ጥምጥማቸው አንድም ቀን ተዛንፎ የማያውቅ ሰው ናቸው። የሚጠብቁት ዕቃ ሳይክል ነው። አረንጓዴ ናት እንዳትሏት ትጠቁራለች፤ ጥቁር ናት እንዳትሏት ፀሐይ ሲያርፍባት አረንጓዴ ትሆናለች።

ያመጧት ከባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ነውና ትልቅ ትንሹ ሳይክል ላይ ተቀምጦ ሲሄድ አይተው ልባቸው ከጀለ። ጎንደር ሲያደርሷት ነገሩ ሌላ ሆነ። ሽቅቡ ያስገፋል፤ ቁልቁሉ ያስፈራል። ስለዚህ ዳገት ሲሆን ይገፏታል፣ ቁልቁለት ሲሆን በሁለት እጃቸው ፍሬን ይዘው ከጎኗ ይወርዳሉ። «መሪጌታ፣ ምነው አይሳፈሩባት?» የሚላቸው ሲመጣ «አብረን እንሄዳለን፤ ምን ያጣድፈናል?» ይሉታል። ኮርቻዋ ላይ ተቀምጠው አይቻለሁ የሚል ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

አመሻሽ ላይ ደጃፉ ላይ ያቆሟትና ምርመራው ይጀመራል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ከመሪው እስከ ኋላ ጎማው ድረስ ብረቷን በጣታቸው ይዳብሷታል። ጣታቸው ድንገት ቆመ ማለት ግቢው ወዮለት ማለት ነው።

«ጭረት ባለቤት አለው» ይላሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ባለቤቱ እስኪገኝ ራት አይቀርብም። የጎረቤት ልጆች የደብተር ቦርሳ ዚፕ ይመረመራል። ውኃ ይዞ ያለፈ ሁሉ በየት በኩል እንዳለፈ ይጠየቃል። አንድ ጊዜ ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ የልብስ ማጠቢያ ሳፋቸውን ይዘው ሲያልፉ ነክተዋት ኖሮ፣ ነገሩ ከሚጓተት ብለው እጅ ሰጡ።

«እኔ ነኝ የጫርኳት። ይፍቱኝ በቃ።»

«መሪጌታ እንጂ ቄስ አይደለሁም» አሉ መሪጌታ። «አልፈታም።»

የመሪጌታ አንዲት ልጅ ዝማሬ ትባላለች። ነርስነት ተምራ ባለፈው መስከረም ማክሰኝት ጤና ጣቢያ ተመደበች፣ እዚያው ቤት ተከራየች። በሄደች በመጀመሪያው ቅዳሜ ቀይ ሽንኩርት በፌስታል አንጠልጥላ ከች አለች። እናቷ እልል ሊሉ ሲቃጣቸው አባቷ ደንግጠው ተነሡ።

«ምነው? ምን ሆነሽ መጣሽ?»

«ምንም አልሆንኩ አባባ። እንዲሁ ናፍቃችሁኝ ነው።»

መሪጌታ ተቀመጡና የቅኔ ቤት ታሪካቸውን ጀመሩ። ታሪኩን ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ለቅኔ ጎጃም ሲሻገሩ ልጅ ነበሩ፤ ሲመለሱ ጢም አብቅለዋል። ደጁን ቢያንኳኩ እናታቸው ብቅ ብለው «ማን ልበል?» አሏቸው። ይህችን ሲደርሱ ሁልጊዜ ይስቃሉ።

«ይኸውልሽ፣ ትምህርትም ሥራም እንዲህ ነው የሚጸናው» አሏት። «የመንግሥት ሠራተኛ በየሳምንቱ ወደ እናቷ ጓዳ አትሮጥም። ሥራሽ ላይ ርጊ።»

ዝማሬ አንገቷን ደፍታ ሰማች። በማግሥቱ ሄደች፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም፤ በሚቀጥለውም። መሪጌታ ለማንም አልተናገሩም እንጂ ቤቱ ጭር አለባቸው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በሩ በነፋስ ሲንኳኳ ቀድመው የሚነሡት እሳቸው ሆኑ። በመጨረሻ ስልክ ደወሉላት። የደወሉት ስለ ናፍቆት ለመናገር አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው አይወጣም።

«ሳይክሏን ሰጥቼሻለሁ። ማክሰኝት ሜዳ ነው፣ ትሆንሻለች። መጥተሽ ውሰጃት።»

ወይዘሮ ትርንጎ ጆሯቸውን አላመኑም። ዝማሬም ቅዳሜን አላሳለፈችም። መሪጌታ ሳይክሏን በሳሙና አጥበው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሲዳብሷት ከኮርቻው በታች ጣታቸው ቆመ። የጤፍ ፍሬ የምታህል ጭረት።

«ነውር ያለባት ዕቃ ከቤቴ አትወጣም» አሉ። «አስተካክያት ልቆይ። ቅዳሜ ነይ።»

«ሚኒባስ ጣራ ላይ ታስራ ስትሄድ አይደል እንዴ የምትጫረው?» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

መሪጌታ ይህን አላሰቡበትም ነበር። ፊታቸው ዳመነ። ገብተው አሮጌ ጋቢያቸውን ከሣጥን አወጡና ለመጠቅለያ ለዩት።

ቀለም ፍለጋው እንዲህ ተጀመረ። ቀለም ቤት ሄደው ጭረቷን በጥፍራቸው ጫፍ ቢያሳዩ ሻጩ ቤት የሚያዳርስ ጣሳ አወጣላቸው፤ እሱም የበር ቀለም ሆነ። «አባባ፣ ጥፍር ቀለም ይሞክሩ፤ ለትንሽ ጭረት እሱ ነው የሚሆነው» ብላ በስልክ የመከረቻቸው ዝማሬ ናት። እናም መሪጌታ ፍቅረ ማርያም፣ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ፣ ሳይክሏን እየገፉ አራዳ ካለች አንዲት የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ ደጃፍ ቆሙ። ባለሱቋ ምስጢር የምትባል ወጣት ናት።

«ለልጅዎ ነው?»

«ለሷ ነው» አሉ መሪጌታ፣ ወደ ሳይክሏ እየጠቆሙ።

ምስጢር አንዴ ሳይክሏን፣ አንዴ ጥምጥሙን አየችና ያላትን አረንጓዴ ሁሉ ደረደረች። አንዱም አልገጠመ። መሪጌታ ግን የቅኔ ተማሪ ሳሉ ቀለም በጥብጠው የጻፉ ሰው ናቸው። አረንጓዴውንና ጥቁሩን ገዙ፤ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ጠብ ጠብ አድርገው በጠበጡ። መግጠሙን ለማወቅ ደግሞ አንድ ነገር ላይ መቀባት ያስፈልጋል። የግራ አውራ ጣታቸው ጥፍር ሰፊ ነው፤ እሱ ላይ ቀቡት። ጣታቸውን ከሳይክሏ ብረት አጠገብ አስጠጉ፣ ጥቁር ጨመሩ፣ እንደገና ቀቡ፣ እንደገና አስጠጉ። በመጨረሻ ጣትና ሳይክል አንድ ሆኑ።

«ማስለቀቂያውንስ አይፈልጉም?» አለች ምስጢር። «አሴቶን አለኝ።»

«ምን ሊያደርግ ይለቃል? ናሙናዬ እኮ ነው» አሉና ሄዱ። እንዲህ ያለ ቀለም በጎንደር ከተማ ያለው ሳይክሏ ላይ፣ ብልቃጡ ውስጥና አውራ ጣታቸው ላይ ብቻ እንደሆነ ያውቃሉ። ብልቃጡ ቢደፋ ሌላ በምን አስተያይተው ይበጠብጣሉ?

ቤት ገብተው ጭረቷን በብርጭቆ ወረቀት ጫፍ እንደ ሕፃን ጉንጭ በቀስታ አሹ፣ አቧራውን እፍ አሉ። የጥፍር ቀለሙ ብሩሽ ወፍራም ስለሆነባቸው የድሮ መቃ ብዕራቸውን አወጡ። ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው አንድ ነጥብ አሳረፉ። እስኪደርቅ ዶሮ በአጠገቧ እንዳያልፍ ተከለከለ፤ በማግሥቱ ሁለተኛ ቅብ ተጨመረ። ወይዘሮ ትርንጎ ተጠርተው ጭረቷ የት እንደነበረች እንዲያገኙ ታዘዙ። አላገኟትም። መሪጌታ ከዚያ ቀን የበለጠ ደስ ያላቸው ማኅሌት ላይ እንኳ የለም።

ማኅሌት ስንል፣ ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። በበዓሉ ጠዋት መሪጌታ ጸናጽሉን በቀኝ፣ መቋሚያውን በግራ ይዘው ወረቡን መሩ። መቋሚያው ከፍ ባለ ቁጥር አውራ ጣታቸው አብሮ ከፍ ይላል። ነጭ በለበሰ ሰው መካከል አንድ የጠቆረ አረንጓዴ ጥፍር ከሩቅ ይታያል። ካህናቱ ተያዩ። ሕዝቡ ተንሾካሾከ። አገልግሎቱ ሲያልቅ የደብሩ አለቃ ጠጋ ብለው በሐዘኔታ ጠየቋቸው።

«መሪጌታ፣ ጣትዎን ምን ነካው? ደም ረግቶበታል መሰለኝ። ጠበል ይሞክሩለት እንጂ።»

ሕመም ነው ቢሉ በተገላገሉ ነበር። መሪጌታ ግን ቤተ መቅደስ ደጃፍ አይዋሹም።

«የጥፍር ቀለም ነው አባ።»

አለቃው ጠበሉን ከመከሩበት ጊዜ ይልቅ አሁን ደነገጡ። መሪጌታ ስለ ሳይክሏ፣ ስለ ጭረቷ፣ ስለ ናሙናው አስረዱ፤ ማብራሪያው በረዘመ ቁጥር ነገሩ እየከፋ ሄደ። በመጨረሻ ለአገልግሎት ሲቆሙ ጣታቸውን እንዲሸፍኑት ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ ደብር ሲሄዱ አውራ ጣታቸውን በነጭ ጨርቅ ያስራሉ። ምእመናን ሁሉ «ተሻለዎት መሪጌታ?» ይሏቸዋል። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ ይህ ውሸት አይደለም።

ይህ ሁሉ መከራ ተከፍሎ ሳይክሏ ነውር አልባ ሆነች። ዝማሬ ቅዳሜ መጣች፤ ሽሮዋን በላች፤ ከእናቷ ጋር ሲያወጉ አመሹ። እሑድ መሪጌታ ከቅዳሴ ተመልሰው፣ ጋቢና ገመድ አዘጋጅተው፣ ሳይክሏን ሲዳብሱ ከኮርቻው በታች ጣታቸው ቆመ። አዲስ ጭረት።

«ወይኔ አባባ» አለች ዝማሬ። «ምን ይሻላል?»

«ምን ይደረጋል? ቅዳሜ ነይ እንጂ።»

በሚቀጥለው እሑድም እንዲሁ ሆነ። ቅዳሜ ንጹሕ የነበረች ሳይክል እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተጭራ ትገኛለች። መሪጌታ የግቢውን ነዋሪ ሁሉ መረመሩ፤ ልጃቸውን ብቻ አልጠየቁም፤ ሳይክሏን የምትፈልጋት እሷ ናትና። በመጨረሻ ጥርጣሬያቸው በአንድ በግ ላይ ወደቀ። በጉ የአያ ምንይችል ነው። አያ ምንይችል ከአይከል መጥተው ግቢውን የተጋሩ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ በጉን ለገና እያደለቡት ነበር።

መሪጌታ የጭረቷን ከፍታ በመቋሚያቸው ለኩ። የበጉን ቀንድ ለኩ። ሊገጥም ጥቂት ቀረው።

«ሲዘል ይደርሳል» ብለው ፈረዱ።

«ይህ ሸጋ በግ ነው መሪጌታ» አሉ አያ ምንይችል ተቀይመው። «ሳይክል ምን ያደርግለታል? አይበላት፣ አይነዳት።»

«ጭረት ባለቤት አለው አያ ምንይችል።»

በጉ ከቤት ጀርባ እንዲታሰር ተደረገ። ሳይክሏ ተጫረች። ገመዱ አጠረ፤ ሳይክሏ ተጫረች። ገና ደረሰና በጉ ታረደ፤ መሪጌታም ድርሻቸውን ያለ ቂም በሉ። ከገና በኋላ ባለው እሑድ ሳይክሏ ደግሞ ተጫረች።

አያ ምንይችል በዱላቸው ተደግፈው መጡና ጭረቷን አስተዋሏት።

«አሁንስ ቆዳው ነው የጫራት?» አሉ።

መሪጌታ ሳምንቱን ሙሉ ሲያሹ፣ ሲቀቡ፣ ሲያስቡ ሰነበቱ። ጥፍራቸው ባደገ ቁጥር ቀለሙ እየታደሰ ዛሬም አለ። እንግዲህ ይህን ሁሉ እየተማረሩ ሲሠሩ፣ በሕይወታቸው እንደነዚህ ቅዳሜዎች ያሉ ደስ የሚሉ ቅዳሜዎች እንደሌሉ ልብ ብለውት ነበር። ምክንያቱ የቀለም ሥራው መሰላቸው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ዝማሬ ደክሟት መጣች። ምሳ በልታ መደቡ ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። የቤት ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ ወርውራው ነበር። መሪጌታ ደግሞ ቁልፍ ጠረጴዛ እንደሚጭር የሚያውቁ ሰው ናቸው። ጨርቅ ላይ ሊያሳርፉት አነሡት። ከቁልፉ ጥርሶች መካከል አንዳች ነገር ተሰክቷል። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ፍርፋሪ ቀለም ነው። አረንጓዴ ነው እንዳይሉት ይጠቁራል።

የግራ አውራ ጣታቸውን አስጠጉ። ገጠመ።

የጭረት ባለቤት ሲያገኙ ይህ የመጀመሪያቸው አይደለም፤ የተኛው ባለቤት እንዳይነቃ እርምጃቸውን ሲያለዝቡ ግን የመጀመሪያቸው ነው። ወይዘሮ ትርንጎ ከጓዳ ብቅ ብለው ቁልፉን በእጃቸው አዩ።

«አወቁ እንግዲህ» አሉ ቀስ ብለው።

«አንቺ ታውቂ ኖሯል? ሳይክሏን አትፈልጋትም?»

«ጤና ጣቢያው ለመመላለሻ ሌላ ሳይክል ከሰጣት ቆየ። ናፍቃችሁኝ መጣሁ ስትል እርስዎ ቅኔ ቤት ወሰዷት። ታዲያ በምን ሰበብ ትምጣ?»

መሪጌታ የተኛችውን ልጃቸውን አዩ። በሩን የከፈቱላቸው ቀን የእናታቸው ፊት ትዝ አላቸው፤ «ማን ልበል?» ያሉበት ፊት። ይህን ታሪክ ሲያወሩ ለምን ይስቁ እንደነበር አሁን አልገባቸውም። እንዲያ ደስ ብሏቸው አያውቅም፤ እንዲያም አፍረው አያውቁም። ቁልፉን በነጠላቸው ጫፍ ከጥርስ ጥርሱ ጠርገው፣ ጨርቅ አጥፈው፣ ጨርቁ ላይ አስቀመጡት።

እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ በሩጫ ማለት ይቻላል መጡ። ሳይክሏን ከመሪው እስከ ኋላ ጎማ ዳበሷት። ምንም የለም። ደግመው ዳበሷት። ለስላሳ ናት። ቀና ሲሉ አያ ምንይችል ከሳይክሏ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው አዲስ የገዙት በግ ታስሯል።

«ከጠዋት ጀምሬ ስጠብቃት ነው የዋልሁ» አሉ በኩራት። «ይኸኛው በጌ ስሙ ከመጥፋቱ በፊት ብዬ ነው። ዝንብ አላሳረፍሁባትም።»

ዝማሬ ደጃፉ ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ቆማለች፤ ፊቷ «ሥራሽ ላይ ርጊ» የተባለች ቀን እንደነበረው ነው። ጋቢውና ገመዱ ተዘጋጅተዋል። ሳይክሏ ዛሬ ትሄዳለች፤ ከሄደች ቅዳሜም አብሯት ይሄዳል።

«አያ ምንይችል፣ ይግቡማ ጠላ ይቅመሱ» አሉ።

«እዚሁ ይምጣልኝ። ጥበቃ ላይ ነኝ።»

«ጠላ ደጅ አይጠጣም። ይግቡ።» ሽማግሌውን በክንዳቸው ደግፈው፣ ደግፈው ከማለት አንሥተው ቢባል ይሻላል፣ ወደ ቤት ወሰዷቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እኔም መቋሚያዬን ይዤ ልምጣ። እቆያለሁ።»

«መቋሚያው በእጅዎ ነው እኮ አባባ።»

መሪጌታ እጃቸውን አዩት።

«ሌላኛውን» አሉና በሩን ከኋላቸው ዘጉ።

ወይዘሮ ትርንጎ ጠላ ቀዱ። አያ ምንይችል ስለ በግ ዋጋ ጀመሩ። መሪጌታ ከበሩ ጀርባ ቆመው ጆሯቸውን ሰጡ። ብዙም ሳይቆይ ከደጅ ጫር የምትል ቀጭን ድምፅ መጣች። ጥርሳቸውን ያመማቸው ይመስል ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

ሲወጡ ዝማሬ ከሳይክሏ ርቃ ሰማይ ሰማይ ታያለች። መሪጌታ በሥርዓቱ ዳበሱ። ከኮርቻው በታች ጣታቸው ቆመ።

«ጭረት» አሉ።

«ደግሞ?» አለች ዝማሬ።

«ደግሞ።»

አያ ምንይችል ብርጭቋቸውን እንደያዙ ወጡ። መጀመሪያ በጉን አዩ፤ በጉ እንደታሰረ ነው። «እንዲያ ከሆነ ያ የገናው በግ ንጹሕ ነበር» አሉ። «ታዲያ የማን ናት? ጭረት ባለቤት አለው ይሉ አልነበር?»

«እንጃ» አሉ መሪጌታ ፍቅረ ማርያም።

ይህ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ሰፈሩ ሰምቶ አያውቅም። ወይዘሮ ትርንጎን ጠላው ትን አላቸው።

መሪጌታ ልጃቸውን እስከ ሚኒባሱ ሸኟት። መቀመጫዋን ይዛ መስኮቱን ስትከፍት ጠጋ አሉ።

«ሳይክሏ ብትደርስም ባትደርስም ቅዳሜ ነይ» አሏት። «ትናፍቂናለሽ።»

ዝማሬ «እሺ አባባ» ብቻ አለች።

ረዳቱ በሩን ስቦ ሲዘጋ መሪጌታ አንድ ነገር ትዝ አላቸውና እንደገና በመስኮቱ አንገታቸውን አስገቡ።

«ደግሞ ስትጭሪ ላይ ላዩን ይሁን» አሉ በሹክሹክታ። «ብረቱ ድረስ ከዘለቀ ዝገት ይገባዋል።»

ሚኒባሱ የአዘዞን መንገድ ይዞ ቁልቁል ሲወርድ ዝማሬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነበር፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ከኋላው መስታወት ይታያል። መሪጌታ በመንገዱ ዳር ቆመው፣ የታሰረበትን ጨርቅ ፈተው፣ አረንጓዴውን አውራ ጣታቸውን ከፍ አድርገው ሸኟት።